የግርጌ እጥፋት በእጅ፦ የስፌት ልምምድ ማስታወሻ

ረቡዕ ማታ

የመስፊያ መኪና የለኝም፤ ለያዝኩት ሥራም አያስፈልገኝም። የታናሽ ወንድሜን የረዘመ ሱሪ ማሳጠር፣ የአንድ ሰፊ ቀሚስ ግርጌ መቀምቀም፣ የሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ ዳር ማጠፍ፤ ሥራው ይኸው ነው። ሦስቱም በመርፌና በክር ብቻ እንዲያልቁ፣ ሲያልቁም ስፌቱ ከውጭ እንዳይታይ እፈልጋለሁ። እየሠራሁ ያየሁትን እዚህ አሰፍራለሁ።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለው ዕቃ ጥቂት ነው፦ መርፌዎች፣ ክር፣ የተሳለ መቀስ፣ ስፒል፣ የመለኪያ ሜትር፣ አጭር ማስመሪያ፣ ካውያ፣ የጣት ቆብና ያለቀ የሳሙና ቁራጭ። ሳሙናው ለምልክት ነው። ሲሳሳና ሲደርቅ ጠርዙ ስል ስለሚሆን በጠቆረ ጨርቅ ላይ ቀጭን መስመር ያወጣል፤ ሲታጠብም ይጠፋል። ለነጭ ጨርቅ አይሆንም፤ እዚያ ላይ በስፒል ወይም በአንድ ነጠላ የክር ጥልፍ ምልክት ማድረግ ይሻላል።

ስለ መርፌ ቁጥር መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር አለ። የእጅ መርፌ ቁጥሩ ባደገ መጠን መርፌው ይቀጥናል፤ ከ1 እስከ 12 ባለው ተርታ ወፍራሙ 1፣ ቀጭኑ 12 ነው። የመኪና መርፌ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ 80 የሚባለው ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ 100 የሚባለው 1 ሚሊ ሜትር ነው። የአንዱን ልማድ ይዞ ሌላውን የሚገዛ ሰው የማይፈልገውን ይዞ ይመለሳል። እኔ ለሱሪው 7 ቁጥር፣ ለስስ ጥጥ 10 ቁጥር መርጫለሁ። ቀጭን መርፌ ከውጭኛው ጨርቅ አንድ የድር ክር ብቻ ለይቶ ማንሳት ይችላል፤ የማይታይ ስፌት የሚባለው ነገር ሁሉ የቆመው በዚህ ችሎታ ላይ ነው።

በሳይቤሪያ በተደረጉ ቁፋሮዎች ዓይን ያላቸው የአጥንት መርፌዎች ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸው ወደ 40 ሺህ ዓመት ይጠጋል። ቅርጻቸው አሁን ከያዝኩት ብዙም አይለይም፤ በአንድ ወገን ሹል፣ በሌላው ቀዳዳ። ይህን ያህል ዘመን ሳይለወጥ የኖረ መሣሪያ በእጄ መያዜ ለሥራው ያለኝን አክብሮት ይጨምረዋል።

ሐሙስ፦ ክር

ዛሬ ሙሉ ምሽቱን ለክር ሰጠሁት፤ የሚገባውም ነው። አዲስ ሰው መስፋት ሲጀምር የሚያስመርረው ብዙ ጊዜ መርፌው ሳይሆን ክሩ ነው፤ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል፣ ይሳሳል፣ ይበጠሳል። ለእያንዳንዱ ምክንያት አለው።

መጀመሪያ ርዝመቱ። ከጣት ጫፍ እስከ ክርን፣ ማለትም ከ45 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክር ይበቃል። ቶሎ ቶሎ መርፌ ላለመሰካት ሲባል ክንድ ሙሉ ክር መቁረጥ ያጓጓል፤ ሆኖም ክሩ በረዘመ ቁጥር ያው አንድ ክር በጨርቁ ውስጥ ደጋግሞ ያልፋል። በእያንዳንዱ ማለፍ ይፋተጋል፣ ይሳሳል። ከመርፌው አጠገብ ያለው ክፍል ደግሞ ከሁሉም በላይ ይጎዳል፤ በመርፌው ዓይን ላይ ያለማቋረጥ ይታሻልና።

ሁለተኛ መጠማዘዙ። ክር ራሱ ተገምዶ የተሠራ ነው። በምንሰፋበት ጊዜ ጣታችን ሳናስተውለው መርፌውን ትንሽ ትንሽ ስለሚያዞረው ግምዱ ወይ ይጠብቃል ወይ ይላላል፤ ሲጠብቅ በራሱ ላይ ተጠቅልሎ ይቋጠራል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ አለፍ አለፍ ብሎ ጨርቁን ከፍ አድርጎ መርፌውን ወደ ታች መልቀቅ። መርፌው በአየር ላይ እየተሽከረከረ ግምዱን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ክሩን በንብ ሰም ላይ ሁለት ጊዜ መሳብ፣ ከዚያም በወረቀት መሐል አድርጎ በካውያ ማለፍም ይረዳል፤ ሰሙ ወደ ክሩ ገብቶ ፀጉሩን ያስተኛዋል።

ሦስተኛ ዓይነቱ። ፖሊስተር ክር ጠንካራ ነው፤ ትንሽም ይለጠጣል። የጥጥ ክር አይለጠጥም፤ በካውያ ሙቀት ግን የበለጠ ይችላል። አንጸባራቂ ሆኖ የሚሸጠው የጥጥ ክር በኮስቲክ ሶዳ የታከመ ነው፤ ዘዴውን ያገኘው እንግሊዛዊው ጆን መርሰር ሲሆን ዘመኑ 1844 (እ.ኤ.አ.) ነበር። በሶዳው ውስጥ የጥጡ ቃጫ ይነፋና ክብ ይሆናል፤ ስለዚህ ብርሃን ይመልሳል፣ ቀለም በደንብ ይይዛል፣ ጥንካሬም ያገኛል። ለሱሪው ፖሊስተር ወስጃለሁ።

የቀለም ምርጫን በተመለከተ፣ ተመሳሳይ ቀለም ካልተገኘ ከጨርቁ ትንሽ የጠቆረው ይመረጣል። ክር በጥቅልሉ ላይ ሳለ የሚያሳየው ቀለም ብቻውን ሲሰፋ ፈካ ብሎ ይታያል። ስለዚህ አንድ ነጠላ ክር ፈትቶ ጨርቁ ላይ አጋድሞ ማየት ነው እንጂ ጥቅልሉን ማስጠጋት አያዋጣም።

ዓርብ፦ አሮጌ አንሶላ ላይ

የልምምድ ጨርቄ አሮጌ የጥጥ አንሶላ ነው። ሽመናው ግልጽ ስለሆነ ድሩና ማጉ ይታያል፤ ዓይኔ ቀጥ ያለ መስመር እንዲለምድ ይህ ትልቅ እገዛ ነው። ማስመሪያ ባይኖር እንኳ አንድ የማግ ክር ሳብ አድርጎ ማውጣት ይቻላል፤ ክሩ የወጣበት ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ ይቀራል።

በተራ ስፌት ጀመርኩ፤ መርፌው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። ቀላል ይመስላል፤ እኩል አድርጎ መሥራቱ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። እጄን የጠቀመው መርፌውን በመግፋት ፈንታ ጨርቁን ማንቀሳቀስ ነው። ቀኝ እጅ መርፌውን በአንድ ቦታ ይይዛል፤ ግራ እጅ ጨርቁን ከፍ ዝቅ እያደረገ ወደ መርፌው ያመጣል። ሦስት አራት ጥልፍ መርፌው ላይ ከተከማቸ በኋላ ክሩ በአንድ ጊዜ ይሳባል። እንዲህ ሲሠራ ርቀቱ ራሱ እኩል እየሆነ ይመጣል።

ከዚያ ወደ ኋላ የሚመለሰው ስፌት። መርፌው 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ ይገባል፣ ከጨርቁ በታች 6 ሚሊ ሜትር ሄዶ ወደ ፊት ይወጣል። ከላይ ሲታይ ስፌቱ ክፍተት የለውም፤ ከታች ደግሞ ክሮቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል። ሁለት ጨርቅ አጋጥሜ በሁለቱም ዓይነት ሰፍቼ ሳብኳቸው። ተራው ስፌት ወዲያው ክፍተት አሳየ፤ ሁለተኛው ፍንክች አላለም።

ታዲያ ለግርጌ ለምን በዚህ ጠንካራ ስፌት አንጠቀምም? ይህ ጥያቄ ምሽቱን ሙሉ አልለቀቀኝም፤ መልሱ ላይ ስደርስ ሥራው ሁሉ ተፈታልኝ። የሱሪ ጎን ክብደት ይሸከማል፤ ስንቀመጥ ይወጠራል፤ ስለዚህ አጥብቆ የሚይዝ ስፌት ይፈልጋል። ግርጌ ግን የሚሸከመው ነገር የለም። እጥፋቱን ወደ ላይ ከመያዝ ሌላ ሥራ የለውም፤ ጨርቁም በሰውየው እርምጃ ሁሉ ይወዛወዛል። እዚያ ላይ ክሩ ከጠበቀ ከውጭ ተርታ ተርታ ጎድጓዳ ያወጣል፤ ጨርቁ መንቀሳቀስ ሲፈልግ ክሩ ይከለክለዋል፤ በመጨረሻ ወይ ክሩ ወይ ጨርቁ ይበጠሳል። ስለዚህ ስፌት ስመርጥ የምጠይቀው የስፌቱን ጥንካሬ ሳይሆን ቦታው ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ነው። ለግርጌ ልቅ ክር ያስፈልጋል።

ቅዳሜ፦ ሱሪው

ሱሪው አስቀድሞ ታጥቦ ደርቋል። ይህ መዘለል የሌለበት ነው፤ ጥጥ በተለይ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ሳይታጠብ በልክ የታጠፈ ግርጌ ከታጠበ በኋላ ያጥራል፤ ያን ጊዜ የተቆረጠውን የሚመልስ የለም።

ወንድሜ ሱሪውን ከሚጫማበት ጫማ ጋር እንዲለብስ አደረግሁት። ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ወደ ፊት ይመልከት፤ ወደ እግሩ ጎንበስ ካለ የሱሪው ኋላ ይነሳና ልኩ ይዛባል።

«ልየው እስቲ፣ አጠረ እንዴ?» ይለኛል በየመሐሉ።

«ቁም ብዬሃለሁ፤ ስጨርስ በመስታወት ታየዋለህ» እለዋለሁ።

ከወለል ወደ ላይ በማስመሪያ እየለካሁ ዙሪያውን ምልክት አደረግሁ። ከላይ ወደ ታች መለካት አይታመንም፤ ወገቡ በሁሉም በኩል እኩል ከፍታ ላይ አይቀመጥምና። ሁለቱን እግሮች ለየብቻ ለካሁ፤ የብዙ ሰው ዳሌ በአንድ በኩል ትንሽ ከፍ ይላል፤ አንዱን ለክቶ ሌላውን በእሱ መቁረጥ ደግሞ ይህን ያጋልጠዋል።

ከምልክቱ በታች 4 ሳንቲ ሜትር ትቼ ቆረጥኩ። እዚህ ላይ የሱሪው ቅርጽ መታየት አለበት። ይህ ሱሪ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ነው። የሚታጠፈው ክፍል ከሚያርፍበት ቦታ ይጠባል ማለት ነው፤ እንዲሁ ከታጠፈ ውጭውን እየሳበ ያጨማድደዋል። መፍትሔው በእጥፋቱ ክልል ውስጥ ብቻ የጎኑን መገጣጠሚያ ትንሽ መተርተር ነው። የተተረተረው ይከፈትና እጥፋቱ ዘና ብሎ ይተኛል፤ ከውስጥ ስለሆነም አይታይም።

ጨርቁ ወፈር ያለ ስለሆነ ሁለት ጊዜ አላጠፍኩትም፤ ድርብ እጥፋት ከውጭ እንደ ገመድ ያብጣል። አንድ ጊዜ ብቻ አጥፌ፣ ጥሬውን ጠርዝ እንዳይተረተር በክር ዘመዘምኩት። ክሩ ጠርዙን እየዞረ በሰያፍ ያስረዋል፤ ጥልፉ ከጠርዙ ወደ 4 ሚሊ ሜትር ገባ ብሎ ይጀምራል። ሲጠብቅ ጠርዙ ይጠቀለላል፤ እዚህም እጅን ማላላት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ካውያ። ከልብሱ መለያ ላይ ያሉት ነጥቦች ከፍተኛውን ሙቀት ይናገራሉ፤ አንድ ነጥብ 110፣ ሁለት ነጥብ 150፣ ሦስት ነጥብ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። የእኛው ሁለት ነጥብ ነው። እጥፋቱን ስተኩስ ካውያውን አልጎተትኩም፤ አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ፣ ከጎኑ አስቀመጥኩ። መጎተት ጨርቁን ይለጥጣል፣ የተለካውን መስመር ያጣምማል። ከዚያ በረጃጅም ጊዜያዊ ስፌት እጥፋቱን ያዝኩት። ስፒል ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ስፒል ክር ይይዛል፣ ጣት ይወጋል፣ ጨርቁንም በየቦታው ያነሳዋል። የጊዜያዊ ስፌት ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨርቁ በፈለጉት በኩል ቢገለበጥ እጥፋቱ ከቦታው አይነቃነቅም።

መርፌ ይዤ የመጨረሻውን ስፌት ስጀምር ከሥራው ሦስት አራተኛው አልቆ ነበር። እንዲህ መሆኑ አስደሰተኝ።

እሑድ፦ መስቀለኛው ስፌት

ለሱሪው የመረጥኩት ክሩ በራሱ ላይ እየተሻገረ የሚሄደውን መስቀለኛ ስፌት ነው። ከሁሉም ስፌት ይህን ወድጄዋለሁ፤ ስለዚህ በሰፊው እጽፈዋለሁ።

በቀኝ እጁ የሚሰፋ ሰው ሥራውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ የመርፌው ጫፍ ግን ሁልጊዜ ወደ ግራ ያያል። ግራ የሚያጋባው ይህ ነው፤ አንዴ ከገባ በኋላ ግን እጅ አይረሳውም። ክሩ ከእጥፋቱ ውስጥ ይነሳል፤ ቋጠሮው በሁለቱ ጨርቅ መሐል ይደበቃል። ከዚያ ወደ ቀኝ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ሰያፍ ተሂዶ ከእጥፋቱ ጠርዝ በላይ ካለው ከውጭኛው ጨርቅ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት የሽመና ክር ይነሳል። እንደገና ወደ ቀኝ በሰያፍ ወርዶ ከእጥፋቱ ትንሽ ይነሳል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፤ በእያንዳንዱ ላይ ክሩ የቀደመውን ያቋርጣል።

ይህ ቅርጽ ለውበት ብቻ አይደለም። ሰያፍ የሆነ ክር ጨርቁ ሲለጠጥ ማዕዘኑን ይከፍታል፣ ሲመለስም ይዘጋል። ቀጥ ያለ ክር ይህን ማድረግ አይችልም፤ ርዝመቱ ያው ነውና። መስቀለኛው ስፌት ለሚንቀሳቀስ ግርጌ የሚስማማው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛው፣ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በእጥፋቱ ላይ ብቻ አንድ ትንሽ የመመለሻ ጥልፍ መጣል። ክሩ አንድ ቦታ ቢበጠስ የሚለቀው እስከዚያ ጥልፍ ድረስ ብቻ ነው፤ ዙሪያው በሙሉ አይወርድም። ሁለተኛው፣ የተዘመዘመውን ጠርዝ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ወደ ራሴ መልሼ በመካከሉ መስፋት። ስፌቱ በሁለቱ ጨርቅ መሐል ይቀመጣል። ሱሪ ሲለበስ የእግር ጣት ግርጌው ውስጥ ይገባል፤ ክሩ ከላይ የተጋለጠ ከሆነ ጣት ይዞት ይበጥሰዋል። መሐል ከተደበቀ ግን ምንም አይነካውም።

ማክሰኞ፦ ስለ ስስ ጥጥ ባጭሩ

የአንሶላውን ዳር በድርብ እጥፋት ሠራሁ፤ መጀመሪያ 1 ሳንቲ ሜትር፣ ቀጥሎ 3። ለዚህ የሚሆነው የተደበቀው ስፌት ነው፤ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል። መርፌው በእጥፋቱ ዋሻ ውስጥ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ይወጣል፣ ልክ ከወጣበት ትይዩ ከውጭኛው ጨርቅ አንድ ክር ያነሳል፣ ተመልሶ ወደ እጥፋቱ ይገባል። ክሩ የሚታይበት ቦታ የለም። ፈጣን ነው፤ ንጹሕ ነው። ድካም ለማይበዛበት ልብስ በጣም ጥሩ ነው፤ ብዙ ለሚፋተግ ግን የመስቀለኛውን ያህል አይታገሥም።

ሐሙስ፦ ሰፊው ቀሚስ

ቀሚሱን መስቀያ ላይ ሰቅዬው አድሯል፤ አንድ ቀን ሙሉ መሰቀል አለበት። ክብ ሆኖ የተቆረጠ ቀሚስ በአንዳንድ በኩል ጨርቁ በድሩ ትይዩ፣ በሌላው በሰያፍ ይወርዳል። ሰያፉ ክፍል በራሱ ክብደት እየተለጠጠ ይረዝማል። ሳይሰቀል የተለካ ክብ ቀሚስ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግርጌው ሞገድ ይሠራል፤ ስፌቱ የቱንም ያህል ቢያምር አያድነውም።

የክብ ቀሚስ ግርጌ ከሱሪው ተቃራኒ ችግር አለው፤ የሚታጠፈው ጠርዝ ከሚያርፍበት ቦታ ይሰፋል። ምን ያህል እንደሚሰፋ በወረቀት አሰላሁት። የእጥፋቱ ስፋት 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ጥሬው ጠርዝ ከግርጌው መስመር በ3 ሳንቲ ሜትር ይወጣል፤ ሲታጠፍ ደግሞ በ3 ወደ ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ክቦች መካከል ያለው የራዲየስ ልዩነት 6 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በ2 እና በፓይ ሲባዛ 37.7 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ ይሆናል። እጥፋቱ 1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢሆን ትርፉ ወደ 12.6 ይወርዳል። የሚገርመው የቀሚሱ ርዝመት በሒሳቡ ውስጥ አለመግባቱ ነው፤ የሕፃን ቀሚስም ይሁን የትልቅ ሰው፣ ሙሉ ክብ እስከሆነ ድረስ ትርፉን የሚወስነው የእጥፋቱ ስፋት ብቻ ነው። ሰፊ ቀሚስ ጠባብ እጥፋት ይፈልጋል የሚባለው ከዚህ የመጣ ነው።

1 ሳንቲ ሜትር ወሰድኩ። የቀረውን ትርፍ ለመሰብሰብ ከጠርዙ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ ተራ ስፌት ሰፋሁ፤ ክሩን በቀስታ እየሳብኩ ጠርዙ እስኪተኛ ድረስ ሰበሰብኩት፤ ከዚያ በእንፋሎት ተኮስኩት። ጥጡ ትንሽ ተሰብስቦ ተኛ፤ ቀሪዎቹ ጥቃቅን እጥፎች በእኩል ስለተከፋፈሉ ለዓይን አይታዩም። ሱፍ ቢሆን ኖሮ በእንፋሎት ይበልጥ ይሰበሰብ ነበር። የመጨረሻው ስፌት የተደበቀው ነው፤ ጥልፉ ከሱሪው ይልቅ ቀረብ ቀረብ ብሏል።

ቅዳሜ፦ የሚለጠጠው ጨርቅ

የሹራብ ጨርቅ ድርና ማግ የለውም፤ አንድ ክር እርስ በርሱ በቀለበት እየተጠላለፈ የሠራው ነው። ሹል መርፌ ቀለበቱን ወግቶ ክሩን ከቆረጠው ከዚያ ነጥብ ተነስቶ ቀዳዳ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ጫፉ የተድበለበለ መርፌ ይዣለሁ፤ እሱ ቀለበቶቹን ገፋ አድርጎ በመሐላቸው ያልፋል። ጠርዙ እንደ ሽመና ጨርቅ ስለማይተረተር መዘምዘም አላስፈለገም፤ አንድ እጥፋት፣ መስቀለኛ ስፌት፣ በቃ።

አንድ ነገር ግን እየሠራሁ መመርመር ነበረብኝ። በየጥቂት ጥልፉ ጨርቁን በልብስ አለባበስ መጠን ዘርግቼ እስኪበቃው ድረስ ክር ለቀቅሁለት። ጨርቁ ተዘርግቶ ክሩ ካልተወጠረ ልቅነቱ ትክክል ነው። ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሳለ ክሩ የላላ ይመስላል፤ ሲለበስ ግን ልክ ይሆናል።

እሑድ፦ ከእጥበት በኋላ

ሦስቱም ታጠቡ፣ ደረቁ፣ ተተኮሱ። የሱሪው ግርጌ ከውጭ መስመር አላወጣም፤ ብርሃን ወደ ጎን አድርጌ ስመለከተው እንኳ ጎድጓዳ የለውም። የቀሚሱ ዙሪያ ከወለል ሲለካ በሁሉም በኩል እኩል ነው። ሹራቡ ተዘርግቶ ተመልሷል፤ ክር አልተበጠሰም።

ጊዜያዊው ስፌት ከመተኮሱ በፊት መውጣት አለበት የሚለውን ለሚቀጥለው ሥራ እዚህ ልጻፈው። ክሩ ውስጥ እያለ በኃይል ከተተኮሰ ዱካው ጨርቁ ላይ ይታተማል። መጀመሪያ ቀለል አድርጎ በእንፋሎት ማለፍ፣ ክሩን በየቦታው ቆርጦ ማውጣት፣ ከዚያ ነው በደንብ መተኮስ።

የሚቀጥለው ስስ የሐር መሐረብ ነው። ለእሱ እጥፋት የሚባል የለም፤ ጠርዙ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ተጠቅልሎ ክብ ሆኖ ይሰፋል። መርፌው 10 ቁጥር፣ ክሩ የሐር። ጥልፉ አንዴ ከጥቅልሉ ውስጥ፣ አንዴ ከሥሩ ካለው ጨርቅ ይነሳል፤ አምስት ስድስት ጥልፍ ልቅ ሆኖ ከተጣለ በኋላ ክሩ ሲሳብ ጥቅልሉ በራሱ ይዘጋል። ከመሐረቡ በፊት ግን ከአንሶላው በተረፈ ቁራጭ ላይ እለማመደዋለሁ፤ ጠርዙን አሁኑኑ በተሳለ መቀስ አስተካክዬ አስቀምጫለሁ፤ የተዘነጣጠለ ጠርዝ አይጠቀለልምና።